ለልጄ የኦንላይን ፊዚክስ መምህርት ያለኝ ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ላለፉት ስምንት ወራት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጄን ፊዚክስ በኦንላይን ላስተማሩልኝ መምህርት በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው በይፋ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ አላነሳውም፤ የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ከእርሳቸው በፊት ልጄ በሌላ የኦንላይን ትምህርት አንድ መንፈቅ ተምራ ነበር። አስተማሪው በስክሪን ላይ ስላይድ ያነባሉ፣ እርሷ ማይክሮፎኗን ዘግታ ትቀመጣለች፣ «ገብቷችኋል?» ሲባል «አዎ» ብላ ትጽፋለች፤ ፈተና ሲደርስ ግን ቀመር ከመሸምደድ ያለፈ የያዘችው ነገር አልነበራትም።

እኚህ መምህርት የሚያስተምሩት ፌት (PhET) በተባሉት ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ሙከራን በስክሪን ላይ አስመስለው በሚያሠሩ ፕሮግራሞች ነው። ሥራውን የ2001 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ሲሆን፣ ተማሪው ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ በስልክም በኮምፒውተርም ከፍቶ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ብቻውን ልጄን ያስተምራት ነበር ብዬ አላምንም፤ የማመሰግነው አጠቃቀማቸውን ነው።

አንድ ምሽት ከጎኗ ተቀምጬ ያየሁትን ልናገር። መምህርቷ የሲሙሌሽኑን ሊንክ በቴሌግራም ላኩላት፤ ልጄም ስክሪኗን አጋርታ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማብሪያና ሁለት ባለ 10 ኦም አምፖሎች እየጎተተች በተከታታይ አገናኘቻቸው። ማብሪያውን ከመጫኗ በፊት መምህርቷ አስቆሟትና የትኛው አምፖል ይበልጥ እንደሚደምቅ ግምቷን ከነምክንያቱ እንድትጽፍ አዘዟት። «የመጀመሪያው፤ ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ከረንቱ ግማሹ አልቋል» ብላ ጻፈች፤ እኔም በልቤ የገመትኩት ይህንኑ ነበር። ስታበራው ሁለቱም እኩል በሩ። መምህርቷ ለማብራራት አልቸኮሉም፤ «አሚተሩን (የከረንት መለኪያውን) ከመጀመሪያው አምፖል በፊት፣ በመካከላቸው፣ ከዚያም ከሁለተኛው በኋላ እያደረግሽ አንብቢልኝ» አሏት። ሦስቱም ቦታ 0.45 አምፒር አነበበች። ጥቂት ዝም ብላ «ቲቸር፣ ከረንቱ አያልቅም ማለት ነው?» ስትል የመምህርቷ ድምፅ በደስታ ሲለወጥ እኔም ሰማሁት። ቀጥላ አምፖሎቹን በፓራለል፣ ማለትም እያንዳንዱን ለብቻው ከባትሪው ጋር አገናኝታ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት 1.8 አምፒር ሲሆን፣ ምክንያቱን ያስረዳችው እርሷ ራሷ ናት። ቤት ውስጥ ሊሞከር የማይገባውን ሾርት (የባትሪውን ሁለት ጫፎች በሽቦ ብቻ ማገናኘትን) እንኳ እዚያው ስክሪኑ ላይ ሞክራ ባትሪው በእሳት ሲያያዝ አየች።

በማግስቱ ደግሞ በባትሪ ድንጋይና በትንንሽ አምፖሎች ያንኑ በእጇ እንድትሠራ አዘዟት። የእውነተኞቹ አምፖሎች ብርሃን እኩል ሳይሆን ሲቀር ተጨንቃ ደወለችላቸው፤ እርሳቸውም አምፖሎቹ አንድ ዓይነት ላይሆኑ እንደሚችሉ ነግረው ቦታቸውን እንድታቀያይር አደረጓት። ደብዛዛው አምፖል ቦታው ቢለወጥም ደብዛዛ እንደሆነ ቀረ። በኮምፒውተር የሚሠራው ነገር የእጅ ሥራን እንዲተካ አለመፍቀዳቸውን እኔ ከሁሉ አስበልጬ አከብርላቸዋለሁ።

የመብራትና የኔትወርክ ችግራችንንም አስቀድመው ያስቡበታል። ሲሙሌሽኑን በፋይል ስለሚልኩልን በላፕቶፓችን ላይ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ ልጄ መብራት በሌለበት ምሽት ሥራዋን ጨርሳ የስክሪኑን ፎቶ በማግስቱ ልካላቸዋለች። ለሒሳብም ጂኦጀብራ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም በዚሁ መንገድ ይጠቀማሉ።

በአንድ ቡድን ከአራት ተማሪ በላይ ስለማይቀበሉ ወረፋ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። መልሱን ቶሎ ነግረው የቤት ሥራ የሚያስጨርሱ አስጠኚ ለሚፈልግ ወላጅ እርሳቸውን አልጠቁምም፤ ልጁ አስቦ እንዲደርስበት ለሚታገሥ ግን ያለ አንዳች ጥርጥር እጠቁማለሁ። ለክረምቱ አዲስ ቡድን ሊከፍቱ ስለሆነ የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ጻፉልኝ።

መምህርት፣ ለልጄ ስላደረጉላት ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።