ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ፦ በአንድ በረራ ወይስ በፍራንክፈርት በኩል?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀጥታው በረራ ይህን ርቀት ያለ ማረፊያ በ18 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨርሰዋል። በፍራንክፈርት በኩል ሲኬድ ርቀቱ ወደ 16,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጉዞውም አንድ ሙሉ ቀን ገደማ ይፈጃል። ልብ በሉ፤ በርቀት የሚጨመረው የአንድ ሰዓት ተኩል በረራ እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ የሚበላው ወደ ምዕራብ ሲበር ከፊት የሚመጣው ነፋስ፣ መውረዱ፣ ጥበቃውና እንደገና መነሣቱ ነው።

ደግሞም የቀጥታው አውሮፕላን ሁልጊዜ አጭሩን መስመር አይከተልም። አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጠጋ ቢሆንም፣ አብራሪዎች ብዙ ጊዜ በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል ዞረው ከምዕራብ የሚነፍሰውን ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ያገኛሉ። ረዥሙ መንገድ ፈጥኖ ያደርሳል! ይህ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ለዚህ መስመር የተዘጋጀው ኤርባስ ኤ350 የሚይዘው 161 መንገደኛ ብቻ ነው፤ ተራው የኢኮኖሚ ክፍል የለውም። ስለዚህ በርካሽ መሄድ ለሚፈልግ ምርጫው ፍራንክፈርት ነው።

እኔ ግን ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ገንዘብ ቢተርፈውም ፍራንክፈርትን እመክራለሁ። ከ13 ሰዓት መቀመጥ በኋላ ያበጠ እግርን ጫማ ውስጥ መልሶ ማስገባት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል፤ በአየር ማረፊያው ረዥም መተላለፊያ ላይ ግማሽ ሰዓት መራመድ ያን እብጠት ያቀለዋል። ሕፃን ያቀፈች እናት ግን ቀጥታውን ትያዝ፤ የተኛ ልጅ ለመሸጋገሪያ ተብሎ አይቀሰቀስም።