ጣት ሳይነካው የሚሄድ ጆይስቲክ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የእግር ኳስ ቪዲዮ ጌም ላይ ነን፤ ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ቆሟል። አውራ ጣት ከግራው አናሎግ፣ ተጫዋቹን ከሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ዘንግ፣ ላይ ተነስቷል። ተከላካዩ ግን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ጎል ያዘግማል። ጆይስቲኩ ከነካርቶኑ የተገዛ ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ ገና ዘጠኝ ወሩ ነው። ባትሪው ደህና፣ ንዝረቱ ግሩም፣ ቁልፎቹም አልላሉም። ስለ እነሱ ሌላ የምለው የለኝም። አናሎጉ በራሱ ፈቃድ መሄድ ከጀመረ የሌላው ጥሩነት ለማን ይጠቅማል?

ሻጭ ሦስት መልስ አለው። “አቧራ ገብቶበት ነው፣ ወንድሜ።” “ጥለኸው ይሆናል።” ከእሱ ካልተገዛ ደግሞ “ፌክ ሸጠውልህ ነው።” ሦስቱም አያስኬዱም፤ ለምን እንደማያስኬዱ የሚታየው ክዳኑ ሲከፈት ነው።

በእያንዳንዱ አናሎግ ሥር ሞጁል የምትባል ትንሽ ሳጥን አለች። በሁለት ጎኗ ሁለት ፖቴንሽዮሜትር፣ ማለትም እንደ አናሎጉ አቀማመጥ ቮልቴጅ የሚለዋውጡ ክፍሎች፣ ተለጥፈዋል፤ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ ሌላው ለላይና ታች። ውስጣቸው ቀጭን የብረት ጣት በካርቦን መንገድ ላይ እየተፋተገች ትሄዳለች። አናሎጉ መሀል ሲቆም የሚወጣው ቮልቴጅ ግማሹ ነው፤ በ8 ቢት ሲቆጠር ከ0 እስከ 255 ባለው መስመር ላይ 128 አካባቢ ማለት ነው። ካርቦኑ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚበላው መሀሉ ላይ ነው፤ ጣቷ የምታርፈውም፣ በየምልልሱ የምታልፈውም እዚያ ነውና። መሀሉ ሲበላ 128 መሆን የነበረበት 140 ይሆናል፣ ጨዋታውም “ሰውዬው እየገፋ ነው” ብሎ ያምናል። የተፋቀው ዱቄት እዚያው ሲቀር ንባቡን ያዘልለዋል። አናሎጉን ወደ መሀል የሚመልሰው ስፕሪንግም እያደር ይደክማል። እንግዲህ አቧራው ከውጭ አልገባም፤ ዕቃው ራሱን እየፈጨ ነው። ኦርጅናልም ሆነ ፌክ፣ አብዛኛው ጆይስቲክ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ሞጁል መረጃ ወረቀት ላይ የሚገኘው የዕድሜ ቁጥር 2 ሚሊዮን ዙር ነው። ብዙ ይመስላል። በከረረ ጨዋታ ግራው አናሎግ በደቂቃ 100 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል ብንል 20,000 ደቂቃ ይወጣዋል፤ ይኸውም 333 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚጫወት አምስት ወር ተኩል። በቀን አሥር ሰዓት ለሚሠራ የጌም ቤት ደግሞ 33 ቀን! የጌም ቤት ባለቤቶች መሳቢያቸው በሞተ ጆይስቲክ የሚሞላው እንግዲህ በዝርክርክነት አይደለም።

የሚያናድደኝ መፍትሔው አዲስ አለመሆኑ ነው። ሆል ኢፌክት የሚባለው ዘዴ ማግኔትና ሴንሰር ይጠቀማል፤ የሚነካካ፣ የሚፋተግ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የሴጋ ድሪምካስት ጆይስቲክ በዚሁ ነበር የሚሠራው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ግን ካርቦኑን መረጡ። ኔንቴንዶ በ2017 ያወጣው ስዊች የተባለ የጌም ማሽን በዚህ ችግር ስሙ ጠፍቶ፣ በ2020 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ይቅርታ ጠየቁ፣ በ2023 ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ዋስትናው ያለፈበትንም በነፃ ለመጠገን ቃል ገቡ። ታዲያ በ2025 የወጣው ስዊች 2 ሆል ኢፌክት አለው? የለውም።

አውሮፓ ያለ ሰው ቢያንስ የሚሟገትበት ቦታ አለው። ከዱባይ በሰው ሻንጣ የመጣ ጆይስቲክ አዲስ አበባ ሲደርስ ዋስትናው ካርቶኑ ላይ የታተመ ጌጥ ነው። ስለዚህ ጥገናው የባለቤቱ ነው።

መጀመሪያ ምርመራ። ጆይስቲኩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ በብሮውዘር የሚሠራ የጌምፓድ መፈተሻ ላይ ቁጥሩን ማየት። እጅ ሳይነካው ከ0.05 በታች ከሆነ ችግር የለም። ከዚያ በላይ ከሆነ በየአቅጣጫው ገፍቶ ድንገት መልቀቅ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ከተመለሰ መሀሉ ተዛብቷል ማለት ነው፤ በካሊብሬሽን (ትክክለኛውን መሀል ለጆይስቲኩ እንደገና በማስተማር) ወይም በጨዋታው ውስጥ ዴድ ዞንን፣ ማለትም ጨዋታው ችላ የሚለውን የመሀል ክልል፣ ከፍ በማድረግ ይታለፋል። በየጊዜው የተለያየ ቦታ የሚያርፍ ከሆነ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ቆሞ እያለ ቁጥሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል። ዴድ ዞን ዋጋ እንደሚያስከፍል ግን ይታወቅ፤ በጣም ከፍ ሲል ዒላማን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ይከብዳል፣ እጁ የደነዘዘ ሰው መሆን ነው።

ቀጥሎ ጽዳት። እዚህ ላይ ብዙ ጆይስቲክ ይገደላል። የሚያስፈልገው 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም! ውስጡ ውሃና ግሊሰሪን አለ፤ አልኮሉ ሲተን ግሊሰሪኑ ካርቦኑ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የማሽን ዘይትም አይሆንም። ክዳኑን ከፍቶ፣ የባትሪውን ሶኬት ነቅሎ፣ በሞጁሉ ጎን ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጎ አናሎጉን ሃያ ጊዜ ማዞር፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ማድረቅ። ይሠራል፣ ግን አትደሰቱ። አልኮል ዱቄቱን ያነሳል እንጂ የተበላውን ካርቦን አይመልስም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተከላካዩ እንደገና ጉዞ ይጀምራል። “አጽድቼልሃለሁ” ብሎ የሙሉ ጥገና ዋጋ የሚጠይቅ ሰው የሸጠው ሦስት ሳምንት ነው።

እውነተኛው ጥገና ሞጁሉን በሆል ኢፌክት ወይም ቲኤምአር በሚባለው መቀየር ነው። ቲኤምአርም በማግኔት ይሠራል፣ ባትሪ ግን ይቆጥባል። ሞጁሉ ለጆይስቲኩ ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት፤ ቮልቴጁ ካልገጠመ ንባቡ ይዛባል። አንዱ ሞጁል በ14 ነጥብ ተበይዷል፦ ለሁለቱ ሴንሰሮች ሦስት ሦስት፣ ለመጫኛው ቁልፍ አራት፣ ለብረት እግሮቹ አራት። የፋብሪካው ብየዳ ሊድ (እርሳስ) ስለሌለው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፤ ሊድ ያለው 63/37 ሽቦ ግን 183 ላይ ይቀልጣል። ስለዚህ በየነጥቡ ፍለክስ የሚባለውን የብየዳ ቅባት ቀብቶ ሊድ ያለውን መጨመር፣ ሁለቱ ሲዋሃዱ ቶሎ ይለቃሉ። መበየጃው 350 ዲግሪ ይበቃዋል። የብረት እግሮቹ ከግራውንድ ጋር ስለተያያዙ ሙቀቱን ይውጣሉ፤ ያኔ የሚቸኩል ሰው ሞጁሉን በጉልበት ሲስብ ቀዳዳውን የከበበው መዳብ አብሮ ይነቀልና ቦርዱ ያልቃል። ልምድ የሌለው አሮጌውን ሞጁል በመቁረጫ ቆራርጦ እግሮቹን አንድ በአንድ ያውጣ። አሮጌው ለማንም አያስፈልግም፣ የሚጠበቀው ቦርዱ ነው።

ከተቀየረ በኋላ አናሎጉ ጠማማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ጆይስቲኩ የአሮጌውን ሞጁል መሀል ስላስታወሰ ነው። በዩኤስቢ አገናኝቶ ካሊብሬት ማድረግ ነው፤ መጀመሪያ ለጊዜው፣ ትክክል መሆኑ ከታየ በኋላ በቋሚነት።

በኮምፒውተር ወይም በአንድሮይድ ለሚጫወት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ እንደ ጉሊኪት፣ ኤይትቢትዱና ጌምሰር ያሉት ከፋብሪካው ሆል ኢፌክት ወይም ቲኤምአር ያላቸውን ይሸጣሉ። ከውጭ ዕቃ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው ስለ ቀለሙ ከሚጨቀጭቅ ከሁለቱ ስሞች አንዱን ካርቶኑ ላይ እንዲፈልግለት ይንገረው።

ከአሥር ስንት? እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ብጠየቅ ዘጠኝ ብዬ እምል ነበር። ዛሬ አራት፤ እሱም ለንዝረቱ። እንደገና እገዛዋለሁ? በዚያ ዋጋ አልገዛም። ያገለገለ በርካሽ ባገኝ ግን እገዛለሁ፤ አናሎጉ ቢሞትም ግድ የለኝም፣ ያው ልቀይረው ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ግራው ሲቀየር ቀኙም አብሮ ይቀየር። ክዳኑ ተከፍቷል፣ መበየጃው ሞቋል፣ የቀኙም ካርቦን ቢሆን ቆጠራ ላይ ነው።