ከጉልበቴ ይልቅ አዘላለሌን ላየችው ወጌሻ

ይህን ጽሑፍ ከስምንት ወር በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። ጉልበት ሲሻለው ቶሎ ያስመሰግናል፣ ሲያገረሽበት ደግሞ ያመሰገነውን ሰው ያሳፍራል። ስለዚህ ክረምቱን ልሻገር፣ ድንጋይ ላይ ልውጣ ልውረድ፣ በማግስቱም ደረጃ ሳልፈራ መውረዴን ልይ ብዬ ቆየሁ። አየሁ። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ጉልበታችሁ እያስቸገራችሁ ቀን የምትቆጥሩ ወገኖቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

አስቀድሜ የጉልበቴን ጉድ ላስረዳ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የጭነት ክፍል ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። በዕረፍት ቀኔ ደግሞ መቀመጫ በሌለው ብስክሌት ከድንጋይ ድንጋይ እዘላለሁ። ስፖርቱ ትራያል ይባላል። ፍጥነት ዋጋ የለውም፤ ጨዋታው እግር መሬት ሳይነካ ግንድ፣ ቋጥኝና የተደራረበ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ) ላይ መውጣትና መውረድ ነው። ሥራ ቦታ እየተከፈለኝ የማነሣውን ፓሌት ቅዳሜ እየከፈልኩ እዘለዋለሁ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ሒሳብ እስካሁን አልተቀበለችውም።

ስፖርቱ የተወለደው ከሞተር ብስክሌት ትራያል ነው። ስፔን ካታሎኒያ ውስጥ፣ ሞንቴሳ የተባለው የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ሰው የነበረው ፔሬ ፒ ልጁን ኦትን በተራ ብስክሌት አስለመደው፤ ልጁም ኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚያ ያ አባት ልጁን አስገባ፤ እኔ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ልምምዱን እስኪጨርስ ብርድ ላይ ቆሜ ስጠብቅ አሠልጣኙ አዘነልኝና ትርፍ ብስክሌት አዋሰኝ። ጃን ሜዳ ዙሪያ በሩብ ሰዓት ሒሳብ ብስክሌት እየተከራየ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ግብዣ እንዴት እምቢ ይላል?

ሁለተኛው ዓመት ላይ ግራ ጉልበቴ መናገር ጀመረ። ሕመሙ ከሎሚው ግርጌ ነው፤ አንድ ጣት የሚሸፍናት ቦታ። አመሉ የሌባ ነበር። ልምምድ ስጀምር ይወጋኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋል፣ እኔም ተሻለኝ ብዬ እዘላለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ከሦስተኛ ፎቅ የምወርደው የደረጃውን ብረት ይዤ፣ እንደ ሽማግሌ በአንድ እግሬ እየመራሁ ነው። መኪና ውስጥ ብዙ ከቆየሁ ለመውረድ ጉልበቴን በእጄ አቃናው ነበር።

ያልሞከርኩት የለም። ሁለት ወር ሙሉ ብስክሌቱን አልነካሁም። ሕመሙ ጠፋ፤ በተመለስኩ በመጀመሪያው ሳምንት እሱም አብሮኝ ተመለሰ። የሚያቃጥል ቅባት ገዛሁ። አንድ ዘመዴ እጁ መድኃኒት ነው ያለኝ ሰው በዘይት አሸኝ፤ ዕለቱን ደስ አለኝ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ነበርኩ። አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ደግሞ አራት ደቂቃ ያህል ተነጋገርን። የጉልበቴን ምስል አየና በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ያለውን ነገር ተው አለኝ። እናቴም ከአዲስ አበባ በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ እሷ ግን ገንዘብ አላስከፈለችኝም። ሐኪሙን አልወቅሰውም፤ ስወጣ የፊዚዮቴራፒ ማዘዣ ጽፎልኛልና።

ማዘዣውን ይዤ የሄድኩበት ቤት የምትሠራው እህታችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ የትምህርት ማስረጃዋን እዚህ ለማስጸደቅ ዓመታት የተንገላታች ፊዚዮቴራፒስት ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። እኔ ወጌሻ ነው የምላት። እግር ኳስ ሜዳ ላይ ሻንጣ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያም፣ ሰፈር ውስጥ ወለምታ የሚያሸውንም በአንድ ስም ስለምንጠራ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። አሁን ለምዳዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ጉልበቴን ለመንካት አልቸኮለችም። «ከፊት የሚሆነው የትኛው እግርዎ ነው?» አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ትራያል ላይ ፔዳሎቹ እኩል ተዘርግተው ይቆማሉ፤ ሁልጊዜ አንዱ እግር ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ነው። በኋላ ጎማ ቆመን ለመዝለል ስንነሣ ፔዳሉን የሚረግጠው የፊተኛው ነው። የእኔ ፊተኛ ግራው ነው። የታመመውም ግራው ነው። «አንተ በይኝ» ብያት፣ ነገሩን በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋት፤ እሷም ጻፈች።

ከዚያ ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ በግራ እግሬ ብቻ አቁማ ቀስ ብዬ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ያቺ ቦታ ወጋችኝ። ሎሚውን ከቅልጥም ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው አለች። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን የሚያጠቃ፣ ዝላይ የሚያመጣው ሕመም ነው። ያስረዳችኝን አልረሳውም፦ «ጡንቻ ከበዛበት ያኔውኑ ዝሎ ያስቆምሃል። ጅማት ግን ዕለቱን አይከስህም፤ በማግስቱ ነው የሚከስህ። አንተ ደግሞ ክሱ ሳይደርስህ ወንጀሉን ትደግማለህ።» ዕረፍቱ ለምን እንዳልጠቀመኝም ያን ጊዜ ገባኝ። ተኝቶ የከረመ ጅማት ሕመሙ ይቀንስ እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። እንዲያውም የለመደውን ሸክም ይረሳና ስንመለስ አዲስ ይሆንበታል።

በሁለተኛው ቀጠሮ «ብስክሌትህን ይዘህ ና» አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ነበር። በባቡር ይዤው ሄድኩ። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢ ውስጥ፣ የቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ፣ የብስክሌት ማቆሚያው የድንጋይ ጠርዝ ላይ እንድዘል አደረገችኝ። ተራ የሚጠብቁ የጀርመን አሮጊቶች ከመስኮት ሆነው ያያሉ፤ አንዷ አጨበጨቡ። እሷ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ቀረጸች፣ ቪዲዮውን አዘገየችና እንድመለከት ሰጠችኝ። ወደ ላይ ስዘል ምንም አይደል፤ ሳርፍ ግን ጉልበቴ እንደ ዱላ ቀጥ ብሏል። ዳሌዬ ወደ ኋላ አይሄድም፣ ቁርጭምጭሚቴ አይታጠፍም፤ ድብደባው በሙሉ ያቺ ጅማት ላይ ያርፋል።

ከዚያ የኋላ ጎማውን በአውራ ጣቷ ተጫነችና «ይህ ሁሉ አየር ለምንድን ነው?» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጎማ ጠጠር ያለ ሲሆን ጥሩ ነው የሚለው ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሕግ ነበር። ቅዳሜ ክለቡ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግነውን ወጣት ጠየቅሁት። በትራያል የኋላው ጎማ ለስለስ ተደርጎ ድንጋዩን እንዲይዝ፣ ማረፊያውንም እንዲያለዝብ ይደረጋል ብሎ አየሩን እያሽካካ አስተነፈሰልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማው ሊሸከመው የሚገባውን ጉልበቴ ሲሸከም ኖሯል።

የቤት ሥራዋ ከባድ ነበር። የዘለልኩትን እንድቆጥር አዘዘችኝ። አንድ ቅዳሜ ልጄ በጣት እየተጫኑ በሚቆጥሩበት መሣሪያ ቆጠረልኝ፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ሆነ። ቁጥሩን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችኝ።

ለጊዜው ወደ ሠላሳ ዝላይ አወረደችኝ፤ አቁም ግን አላለችኝም። ይህ ነው የማመሰግናት ዋናው ነገር። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ በታጠፈ ጉልበት መቆም መጣ፦ አርባ አምስት ሰከንድ፣ አምስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። አርባ አምስት ሰከንድ ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ ሰው ይሞክረው። ሕመሙ ሲሰክን ወደ ክብደት ተሻገርን፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ሰከንድ ሲወርድ ሦስት ሰከንድ ሲወጣ። መጀመሪያ ቀለል ባለ ክብደት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ጊዜ፤ ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ክብደቱ እየጨመረ፣ ድግግሞሹ እየቀነሰ እስከ ስድስት ወረደ። አሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። መዝለሉ ቀስ በቀስ የተጨመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር እየመዘንኩ በደብተር እጽፍ ነበር። እስከ ሦስት ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀድሞው መጠኑ ከወረደ እንድቀጥል፣ ካልወረደ ካለፈው ቀን ሸክም እንድቀንስ አዘዘችኝ። ምርመራው የእኛ ቤት ደረጃ ነው፤ ጠዋት ስወርድ እግሬ ራሱ መልሱን ይነግረኛል።

ሁሉም ሰምሮልኛል ብዬ አላታልላችሁም። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ደኅና ነኝ ብዬ ታውኑስ ተራራ ላይ ከልጄ ጋር ልወዳደር ሞከርኩ፤ በማግስቱ ደብተሬ ላይ ሰባት ጻፍኩ። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ደብተሩን ግን እሷ ራሷ ታነበዋለች። አልተቆጣችም። ወደ ግድግዳው ለአንድ ሳምንት መለሰችኝ። የፊት እግሬን እንድቀያይርም መክራኝ ነበር። በግራ እጅ ፊርማ እንደመፈረም ነው፤ በመጀመሪያው ሙከራ ሳማ ውስጥ ገባሁ። ይህን ምክር እስካሁን በግማሹ ብቻ ነው የተቀበልኩት።

አንድ ቀን ቀጠሮ ላይ ሳለሁ እናቴ በቪዲዮ ደወለች። የእናቴ ጉልበት ከእኔ ቀድሞ የታመመ ነው፤ ዕድሜው አለ፣ በሕማማት የማይቀረው ስግደት አለ። ስልኩን ለወጌሻዋ ሰጠኋት። «እማማ፣ ስግደቱን ማን ይከለክልዎታል፤ ግን ወገብ ድረስ ከፍ ያለ ወንበር አጠገብዎ አድርገው ሲነሡ ይደገፉት» አለቻት። ከዚያ ሳይደገፉ ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ እንድትሞክር አስተማረቻት። እናቴ ሰዓታቱን ከጸሎቷ ጋር አያያዘችው። ጉልበቷ ዳነ አልልም፤ ከበርጩማ ስትነሣ ግን የሰው እጅ መጥራት ትታለች። ለእኔ የምትጸልየው ጸሎት ውስጥ አሁን የወጌሻዋም ስም ገብቷል፤ የእኔ ብስክሌት ግን አልገባም።

ጉድለቷንም ልናገር፤ ምስጋና ብቻ የሞላበት ጽሑፍ አላምንም። ማሸት የምትወዱ ሰዎች ታዝናላችሁ። እጇን የምታሳርፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ሥራውን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠብቄያለሁ። የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣን ሰው ፊቷ አይደብቅም። አንድ ጊዜም ረጅም ወሬ አንሥቼ ስለ አገር ቤት ልጫወት ስል ሰዓቱን በጣቷ አሳየችኝ። ያን ዕለት ከፍቶኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው አጠቃላይ ያለን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው፣ ልክ ነበረች።

ለምትሄዱ ሰዎች የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሐኪም ማዘዣ ያስፈልጋችኋል። የእኔ የስድስት ቀጠሮ ነበር፤ ሲያልቅ ሌላ አስጽፌያለሁ። የሕዝብ የጤና መድን ያላችሁ ከሕክምናው ዋጋ አሥር በመቶውን፣ ለማዘዣው ደግሞ አሥር ዩሮ ትከፍላላችሁ። ጉልበታችሁ በድንገት ካበጠ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም ወድቃችሁ መርገጥ ካቃታችሁ ግን ወደ እሷ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ እሷም የምትልካችሁ ወደዚያው ነው።

አድራሻውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እመልሳለሁ። አማርኛ፣ ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ትናገራለች። ቁምጣ ያዙ፤ ጉልበቴን የሚያመኝ ሥራ ላይ ነው የምትሉም የሥራ ጫማችሁን አድርጋችሁ ሂዱ፤ ጫማውንም አገላብጣ ታየዋለች። ብስክሌት ያላችሁ ብስክሌቱን አትርሱ። ግቢው ይበቃል፤ አሮጊቶቹም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ጋ አይጠፉም።