ኢንቬስት የደለል ሞዴል፦ ለአንገረብ ተፋሰስ ምን ያህል ይስማማል?

የአንገረብን ግድብ የሚሞላው ደለል ከየትኛው ማሳ እንደሚነሳ ለመለየት ለሚሠራ የጎንደር ባለሙያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው ኢንቬስት (InVEST) የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተመራጭ መሣሪያ ነው። በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የዳገቱን ርዝመትና ቁልቁለት ከከፍታ ካርታው ራሱ ያሰላል። ካርታዎቹ ግን በዲግሪ ሳይሆን በሜትር፣ ማለትም ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር በሚለካው በዩቲኤም ሥርዓት ዞን 37 ሰሜን፣ መሆን አለባቸው።

ሥራው በብዛት የሚበላሸው ቁጥር ሲሞላ ነው። የአፈር ጥበቃ ተመራማሪው ሁርኒ ለኢትዮጵያ ባወጣው ቀመር የዝናቡ የመሸርሸር ኃይል የሚገኘው ዓመታዊውን ሚሊሜትር በ0.562 አባዝቶ 8.12 በመቀነስ ነው፤ 1100 ሚሊሜትር 610 ገደማ ይሰጣል። አብረውት የሚሄዱት የአፈር ቁጥሮች፣ ማለትም አፈሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሸረሸር የሚያሳዩት፣ ለጥቁር 0.15፣ ለቡናማ 0.20፣ ለቀይ 0.25፣ ለቢጫ 0.30 ናቸው። እነዚህን ከዓለም አቀፍ የዝናብ ኃይል ካርታ ጋር የቀላቀለ አሃዱ ስለማይገጥም አሥር እጥፍ ገደማ የተጋነነ ውጤት ያገኛል። ፕሮግራሙም ያባዛል እንጂ አያስጠነቅቅም።

ለሰብል ሽፋን ጤፍ 0.25፣ ማሽላና በቆሎ 0.10 ይይዛሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መሸርሸሩ ይጨምራል። ካርታው ሁሉንም «እርሻ» ብሎ ከጠቀለለ፣ በክረምቱ ዶፍ ዝናብ መሬቱ ልሞ የሚጠብቀው የጤፍ ዳገት ከማሽላው አይለይም። ጅረት የሚጀምረው ውሃቸው ወደ አንድ ቦታ የሚፈስ 1000 ፒክስሎች (የካርታው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች) ሲደርሱ ነው ብሎ መተውም ያሳስታል፤ የፒክስሉ ጎን 30 ሜትር በሆነ ካርታ ይህ 90 ሄክታር ነው፣ ትንንሽ ጅረቶች ይጠፋሉ። ወደ 100 አውርዶ ከሳተላይት ምስል ጋር ማስተያየት ይበጃል።

ትልቁ ጉድለቱ ቦረቦርን አለማስላቱ ነው። ገበሬው በማሳው ላይ የሚያወጣውን ፈሰስ (የውሃ መውረጃ ቦይ)ም በ30 ሜትር ካርታ አያየውም። ስለዚህ የትኛው ንዑስ ተፋሰስ እንደሚቀድም ለመምረጥ እምነት ይጣልበታል፤ የቶን መጠኑን ግን ሳይለኩ ሪፖርት ላይ ማስፈር ስህተት ነው።

ከአፈሩ ጋር የሚታጠበውን ካርቦን በማስላት ላይ ፕሮግራሙ ይበልጥ ይደክማል። የካርቦን ክፍሉ ለየመሬት ዓይነቱ የተሰጠውን ክምችት ይደምራል እንጂ ከአፈሩ ጋር የሚሄደውን አይከተልም። በእጅ ማስላት ይቻላል፦ 20 ቶን አፈር 1.5 በመቶ ካርቦን ካለው 300 ኪሎ ነው፤ ጎርፍ ቀላሉንና ደቃቁን ስለሚያስቀድም ትክክለኛው ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሁሉ አየር ላይ ይተናል ብሎ መውሰድ ግን አይገባም፤ ከፊሉ ከዳገቱ ግርጌ ይቀበራል። በማረሻ ወደ ታች የሚገፋውን አፈርም ለመያዝ ዋቴም (WaTEM) የተባለው የአፈር መሸርሸር ሞዴል ይሻላል። ናሙና ሲወሰድ ደግሞ ግርጌው ላይ እስከ 1 ሜትር ይቆፈር፤ የላዩን 20 ሴንቲሜትር ብቻ የያዘ ናሙና የተቀበረውን ካርቦን እንደጠፋ ያስቆጥረዋል።