ንግሥቴን ለፈረስ ካስበላሁ በኋላ ሊቼስን ሞከርኩት

ማታ አምስት ሰዓት ነው፤ ቼዝ እየተጫወትኩ ነው። አሸነፍኩ ብዬ ዘና ስል ፈረሱ ዘሎ ንጉሤንና ንግሥቴን ባንዴ ያዘ። አለቀ! ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ጠጠር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ሲያመነታ፣ ያየሁትን እንኳ ደግሜ ደጋግሜ ሳይ ሰዓቴ እያለቀብኝ፣ በቃ ቼዝ ለኔ አይሆንም እስከማለት ደርሼ ነበር።

ሊቼስ ቼዝ የሚጫወቱበት ድረ ገጽ ነው፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ትንተና ስትጠይቁት ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም እያንዳንዷን እርምጃ መዝኖ ትልቁ ጥፋት ላይ ሁለት ጥያቄ ምልክት ይለጥፍባችኋል። የወደድኩት ግን ከስህተት መማሪያውን ነው። ቦርዱን ልክ ከመሳሳታችሁ በፊት ወደነበረበት ይመልስና «እስቲ የተሻለ ፈልጉ» ይላችኋል። በሁለተኛው ሙከራ አገኘሁት። ንጉሡን አንድ ቤት ማንሳት ብቻ! ለካ ቸኩዬ እንጂ ጠፍቶኝ አልነበረም።

(ክራምኒክ እንኳ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦን ላይ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር ሲጫወት በአንድ እርምጃ የሚመጣበትን ማት (ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ መሸነፍ) ሳያይ ቀርቷል።)

ጉድለቱ፣ እርምጃው ለምን እንደተሻለ በቃል አያስረዳም፤ ጀማሪ ግራ ይጋባል። ደግሞ እንደተሸነፋችሁ ወዲያው አትክፈቱት፣ ያናድዳል። እኔ ቡናዬን ጠጥቼ ነው የምመለስበት። ፈረስ ግን አሁንም በሁለት ዓይኔ ነው የማየው።