«ሆቴል ተካቷል» ብለው ከሸጡላችሁ፣ ሳትበሩ ለሆቴሉ ራሳችሁ ደውሉ

ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ ሰሞኑን «ሁሉ የተካተተበት የአውሮፓ ጉዞ» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ልባችሁ የከጀለ ካላችሁ፣ ብር ከማስገባታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። ለእኔና ለጓደኛዬ ጉዞውን የሸጠልንን ቢሮ ስም አልጽፍም። ጉዳያችን ገና አላለቀም፤ ደግሞም በዚህ ዘዴ የሚሠራው እሱ ብቻ አይመስለኝም።

እኔ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ የሞባይል ዕቃ ነው የምሸጠው። አውሮፓ በሐሳቤም አልነበረም፤ አምና ዕቁብ ሲወጣልኝ ባጃጅ ልገዛ ነበር። ጓደኛዬ ግን ሐረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ራምቦ ለፈረንጅ ሲያወራ ኖሯል፦ ግጥሙን ትቶ በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሐረር ስለገባው፣ ቡናና ቆዳ ስለነገደው ፈረንሳዊ። አንድ ቀን በርጫ ላይ «አቦ፣ እኔ የሰውዬውን መቃብር ሳላይ ልሞት ነው?» አለኝ። ምርቃና ላይ የተወሰነ ነገር ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይረሳል። ይሄኛው አልተረሳም።

ቢሮው ሻይ አቀረበልን፣ ፎቶ አሳየን። ፓሪስ አምስት ሌሊት፣ ራምቦ የተወለደበትና የተቀበረበት ሻርልቪል ሁለት ሌሊት፣ የባቡር ትኬት፣ ኢንሹራንስ። «ሻንጣችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ» አሉን።

ያኔውኑ መንቃት ነበረብን። «ቪዛው በ15 ቀን ይወጣል» ብለውናል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የቪዛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ ይህን የማያውቅ የቪዛ ቢሮ ሊኖር አይችልም። «አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋችሁም» ብለውም ነበር። የሸንገን ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ አዋቂ ሰው አሻራውን በአካል ቀርቦ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሄድን፣ በራሳችን ወጪ። የቪዛውን ክፍያም «130 ዩሮ ሆኗል፣ ቪዛው ከተከለከለ ተመላሽ ነው» አሉን። የአዋቂ ክፍያ ከሰኔ 2016 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ ቢፈቀድም ቢከለከልም አይመለስም።

ቪዛው ወጣ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ጥርጣሬያችን ሁሉ ጠፋ። ቪዛ ያገኘ ሰው ምን ይጠይቃል? የአውሮፕላን ትኬቱም ትክክለኛ ነበር። ፓሪስ ጠዋት ገባን፤ ድንበር ላይ ፖሊሱ የት እንደምናርፍ ሲጠይቀን የሆቴሉን ወረቀት በኩራት ዘረጋንለት፣ አሳለፈን። 13 ዩሮ እየከፈልን ከኤርፖርት በባቡር ጋር ዱ ኖር የሚባለው የፓሪስ ባቡር ጣቢያ ወረድን፣ ሻንጣ እየጎተትን ሆቴሉ ደረስን።

እንግዳ ተቀባይዋ ስማችንን ኮምፒውተሩ ላይ አገኘችው። አገኘችውና ዝም አለች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ ጓደኛዬ አዞረችለት፦ ክፍሉ ተይዞ ነበር፤ ቪዛችን በወጣ በሦስተኛው ቀን ተሰርዟል። አንድ ሳንቲም አልተከፈለበትም። ሻርልቪል ያለውም እንደዚያው።

ዘዴው ይኸው ነው። ኤምባሲ የማረፊያ ማስረጃ ይጠይቃል። ቢሮው ያለ ክፍያ የሚያዝና በነፃ የሚሰረዝ ክፍል በኢንተርኔት ይይዛል፣ ወረቀቱን ከማመልከቻችሁ ጋር ያስገባል፣ ቪዛው ሲወጣ ይሰርዘዋል። እናንተ ለሌሊቶቹ የከፈላችሁት ብር እዚሁ ድሬ ቀርቷል። ደግሞ አደጋው ከብርም ያልፋል፤ ድንበር ላይ ያ ፖሊስ ለሆቴሉ ቢደውል ኖሮ በውሸት ማስረጃ የገባን ሰዎች ተብለን ከዚያው መመለስ ነበር።

የሚያናድደኝ ነገር ወረቀቱ ራሱ አልዋሸም። ከታች በትንሽ ፊደል «ፍሪ ካንስሌሽን» እና «ፔይ አት ፕሮፐርቲ» ይላል፤ በነፃ ይሰረዛል፣ ክፍያው ሆቴሉ ዘንድ ነው ማለት ነው። ጓደኛዬ በሁለት ቋንቋ የሚያስጎበኝ ሰው አላነበበውም፣ እኔም አላነበብኩም። በኋላ ሲስቅብኝ፣ «ሐረር ራምቦ ቤት እያልን የምናስጎበኘውም እኮ እሱ ከሄደ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ቤት ነው። እኔ ራሴ ስሙን ስሸጥ ኖሬ አሁን ተሸጠብኝ» አለኝ።

ጋር ደ ሌስት የሚባለው ሌላው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ጠባብ ክፍል በ95 ዩሮ ሌሊት አገኘን፣ የከተማው የእንግዳ ግብር በሰው በሰው ተጨምሮበት። «የባቡር ትኬት» የተባለው የባቡሩ ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ቀኑ በቀረበ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ እኛ የቆረጥነው በዋዜማው ነው። ሻርልቪል ግን ደረስን፤ አንድ ሌሊት ብቻ አደርን። ጓደኛዬ መቃብሩ ጋ ከሐረር ያመጣውን አንድ እፍኝ ቡና አስቀምጦ ብዙ ቆመ። እኔ ብርድ ብርድ ብሎኝ ፈቲራ ነበር የማስበው።

ስንመለስ ቢሮው «የሲስተም ችግር ነው» አለን። ደረሰኛችንን አወጣን። ለሆቴልና ለባቡር ብቻ 138,000 ብር ከፍለናል፤ ደረሰኙ ግን የ30,000 ብር ብቻ ነው፣ የተከፈለበት ምክንያት ተብሎ የተጻፈውም «የማማከር አገልግሎት» ነው። ቀሪው ወደ አንድ ሠራተኛ የግል ሒሳብ ነው የገባው፤ የባንክ ማስረጃው አለን፣ ንግድ ቢሮም ይዘነው ቀርበናል። በአዋጅ 813/2006 መሠረት ሸማች ለከፈለው ደረሰኝ የማግኘት መብት አለው፤ ስትከፍሉ ደረሰኙ ላይ የሆቴሉ ስም፣ የሌሊቱ ብዛትና ሙሉው ብር ካልተጻፈ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እስካሁን 40,000 ብር መልሰውልናል። ለቀሪው «ለዱባይ ጉዞ ቅናሽ እናድርግላችሁ» ብለውናል።

አሁን ከፍላችሁ ቪዛ የምትጠብቁ ካላችሁ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ የሆቴሉን ስልክ ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከሆቴሉ ድረ ገጽ አውጥታችሁ ደውሉ፤ «ተይዟል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ መያዙንማ ይዘውታል፤ «ተከፍሏል ወይ?» በሉ። ቪዛው ከወጣ በኋላ ደግሞ ልትበሩ ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ድገሙት። ሁለተኛ፣ የአውሮፕላን ትኬታችሁ ላይ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር ኮድ ብቻ ካለ ቦታ ተያዘላችሁ እንጂ ትኬት አልተቆረጠላችሁም። የተቆረጠ ትኬት 13 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል።

እንደኛ የሆናችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ንግድ ቢሮ አብረን ብንቀርብ ይሻላል።