የቡቺን ዓይን ላተረፈልን ወጣት የእንስሳት ሐኪም

ሰላም የለገጣፎና የአካባቢው ጎረቤቶቼ። ቡቺን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚው ላይ የምትጮኸው ትንሿ ሺ ዙ ውሻዬ ናት። በቅርቡ የግራ ዓይኗን ልታጣ ነበር። ያዳናትን ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ይከነክነኛል።

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ማታ ነው። በራችን ላይ ኮብልስቶን እየተነጠፈ ስለሆነ አቧራው አይጣል ነው። ቡቺ አንድ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ታሻለች፣ እንባዋ ይወርዳል። አቧራ ነው ብዬ እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ስትደረግ ከተረፋት ጠብታ ሁለቴ ጨመርኩላት። እሑድ ጠዋት ዓይኗ ጉም ለብሶ ጠበቀኝ። ሁለት ቦታ ደወልኩ፤ ሁለቱም «ሰኞ አምጪያት» አሉኝ። ሦስተኛው ይህ ወጣት ሐኪም ነበር። መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደጨመርኩላት ነው። የብልቃጡን ጽሑፍ ሳነብለት ዴክሳሜታዞን የሚለው ላይ ስደርስ «እህቴ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሪ፤ መጣሁ» አለኝ።

እንደደረሰ ሳሎኑን አስጨለመን። ጫፉ ብርቱካንማ ቀለም የተነከረ ቀጭን ወረቀት በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) አርጥቦ ዓይኗን ነካ አደረገና በሰማያዊ መብራት አየው። የምስር ክክ የምታህል አረንጓዴ ቦታ ቦግ አለች። የዓይን ፊት ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ላይኛው ንጣፉ ጤነኛ ከሆነ ቀለሙን አይዝም፤ ከተላጠ ግን ከሥሩ ያለው ይመጠዋል። የኔ ጠብታ ለእናቴ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ የቆሰለ ኮርኒያ ላይ ሲገባ ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ ለጀርምም በር ይከፍታል። ይህን ሲነግረኝ አንጀቴ ተላወሰ።

ግቢያችንን የሚጠብቀው ሐበሻ ውሻችን ጃክ ያው አቧራ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ለምን እሷን ብቻ? ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየኝ። የጃክ አፍንጫ ረጅም ነው፣ ዓይኑም ጎድጓዳው ውስጥ ገባ ብሏል። እንደ ቡቺ አፍንጫቸው ድፍጥ ያለ ውሾች ግን የዓይን ጎድጓዳቸው ጥልቀት የለውም፤ ዓይናቸው ወደ ውጭ ይፈጥጣል፣ ቆባቸውም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ቡቺ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ስትተኛ ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቻታለሁ! ለካ ኮርኒያዋ ሌሊቱን ሁሉ እየደረቀ ነው። በዚያ ላይ የእነዚህ ውሾች ኮርኒያ ስሜቱ ደካማ ስለሆነ ሕመሙን ዘግይተው ነው የሚያሳዩት።

አንድ የእንግሊዝ ጥናትም ነገረኝ። ከ100 ሺህ በላይ ውሾች ታይተው በዓመት ውስጥ ይህ ቁስለት የያዛቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ከፓጎች ግን ከመቶ ከ5 በላይ፣ ከሺ ዙዎች ደግሞ ከ3 በላይ ተይዘዋል። ቦክሰርም አፍንጫው ከእነሱ ረዘም ቢልም ወደ 5 ይጠጋል፤ የእሱ ችግር ላይኛው ንጣፍ ከሥሩ አልጣበቅ እያለ ቁስሉ መመላለሱ ነው።

የአንቲባዮቲክ ጠብታ በቀን አራት ጊዜ አዘዘላት። ዓይኗን እንዳታሽ የሚደረግ የአንገት መከላከያ ስላልነበረው የእናቴን አሮጌ የራጅ ፊልም ቆርጦ፣ ጠርዙን በፕላስተር ሸፍኖ፣ ከአፍንጫዋ አልፎ እንዲወጣ አድርጎ ሠራላት። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ግልጽነቱ ነው። «ቁስሉ ከጠለቀ ወይም እንደ ሙጫ መቅለጥ ከጀመረ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ቢሾፍቱ የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሆስፒታል ትወስዷታላችሁ» አለን። በሦስተኛው ቀን ሳይጠራ መጥቶ ቀለሙን ደገመው፤ ግማሹ ጠፍቷል። በሰባተኛው ቀን ምንም አረንጓዴ አልነበረም። እናቴ ግንባሩን ስማ «እደግ፣ ተመንደግ» ብላ መረቀችው።

በተለይ ሺ ዙ፣ ፓግ፣ ፔኪኒዝ ያላችሁ፣ ዓይኗን ከጨፈነች ሰኞን አትጠብቁ። እሱ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ቤት ድረስ ይመጣል፣ እሑድንም ጨምሮ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የጨመራችሁት ጠብታ ካለ ብልቃጡን በእጃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።